ከሕንፃው በፊት የዛፉ አጥር

(ተፈጥሮን አርአያ ስላደረገ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ግቢ ንድፍ ለትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለአርክቴክቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣

ንግግሬን በአንድ የሞተ ዛፍ ልጀምር። ገዳዩ እኔ ነኝ።

ከዓመታት በፊት የአንድ የግል ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ግቢ እንድነድፍ ተጠራሁ። ቦታው ላይ ከአካባቢው ሕንፃም ከመንገዱም በፊት የነበረ አንድ ግዙፍ ዛፍ ቆሟል። ግንዱን ለማቀፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ባለቤቱም እኔም ገና ስናየው ተስማማን፤ ዛፉ አይነካም፣ ግቢው በዙሪያው ይሠራል። የመማሪያ ክፍሎቹን በግማሽ ክብ አሰለፍኩና እያንዳንዱ መስኮት ወደ ዛፉ እንዲያይ አደረግኩ። ዛፉን የቆረጠ ተቋራጭ እንደሚቀጣ የሚናገር አንቀጽ ሳይቀር ውሉ ውስጥ አስገባን። ተቋራጩም ቃሉን ጠበቀ። አንድ ቅርንጫፍ እንኳ አልቆረጠም።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት ዛፉ ከጫፉ ይደርቅ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ርዕሰ መምህሯ ደወሉልኝ። «ልጆቹ ዛፉ ምን ነካው እያሉ ይጠይቁናል። ምን እንበላቸው?»

የምለው አጣሁ። መልሱን ያገኘሁት የግንባታውን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ሳገላብጥ ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ከዛፉ ሥር አንድ ነገር አለ። በአንዱ የአሸዋ ክምር፣ በሌላው የሲሚንቶ ከረጢት፣ በሦስተኛው የቆመ ገልባጭ መኪና። ጥላ ባለበት ሁሉም ይሰበሰባላ! ምሳ እዚያ ይበላል፣ ብረት እዚያ ይታጠፋል፣ የሲሚንቶ ማቡኪያውም እዚያው ይታጠባል። በዚህ ላይ ግቢው ደልዳላ እንዲሆን ብዬ ግንዱ ዙሪያ አርባ ሳንቲ ሜትር አፈር ያስሞላሁት ራሴ ነኝ። የጎርፍ ማስወገጃውን ቦይም ከግንዱ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያሳለፍኩት እኔው ነኝ። ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያምር ነበር።

የዛፍ ሥር የቅርንጫፎቹ ግልባጭ ሆኖ ወደ መሬት ሆድ የሚወርድ ይመስለናል። አብዛኛው ሥር ግን በላይኛው ስልሳ ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው ወደ ጎን የሚዘረጋው። እዚያ አየርና ውሃ አለ። መኪና ሲመላለስበት አፈሩ ይጠጠራል፤ ሲጠጥር አየር ያጣል፤ ሥሩም ታፍኖ ይሞታል። ዛፉ ይህን ወዲያው አይናገርም። በግንዱ ባስቀመጠው ስንቅ አንድ ሁለት ዓመት ይኖራል፤ ተቋራጩ ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው የሚሞተው።

በእንግሊዝ የግንባታ ደረጃ ውስጥ የሚሠራበት አንድ ቀላል ስሌት አለ። የግንዱን ውፍረት፣ ዙሪያውን ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር፣ ለኩና በ12 አባዙት፤ ውጤቱ ከግንዱ መሐል ጀምሮ በሁሉም አቅጣጫ የማይረገጠው ርቀት ነው። የእኔ ዛፍ ግንድ 90 ሳንቲ ሜትር ነበር። ስለዚህ በየአቅጣጫው 10.8 ሜትር መታጠር ነበረበት፤ እኔ ያጠርኩት ዜሮ ሜትር ነው። ዛሬ ወደ አዲስ ቦታ ስሄድ ከቀያሹም ከቆፋሪውም በፊት አጥር ሠሪ ይዤ እሄዳለሁ። ጠንካራ አጥር ነው የምላችሁ፤ በነፋስ የሚበጠስ ቢጫ ሪባን አይደለም።

እንግዲህ «ተፈጥሮን አርአያ ያደረገ ግቢ» ወደሚለው ቃል ልምጣ። በየማስታወቂያው እናየዋለን። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው የቅጠል ቅርጽ ያለው ጣሪያ፣ በቀንበጥ ስም የተሰየመ ቤተ መጻሕፍትና የፕላስቲክ ሣር የተነጠፈበት ሜዳ ነው። አንድ ባለቤት በኩራት እንዲህ ያለ ንድፍ ሲያሳዩኝ፣ ያን ሁሉ ከቅጠሉ ጣሪያ የሚወርድ ዝናብ ወዴት እንደሚሸኙት ጠየቅኳቸው። ወደ አርክቴክታቸው ዞሩ። አርክቴክቱ ወደ ወረቀቱ ዞረ። ወረቀቱ ላይ ውሃ አልነበረም።

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ የሚገኘውንና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የተጠናቀቀውን የኢስትጌት ሕንፃ ተመልከቱ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ መነሻ ያደረገው የምስጥ ኩይሳን ነው። ሕንፃው ግን ኩይሳ አይመስልም። ከኩይሳው የወሰደው ሐሳቡን ነው፦ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር በወፍራሙ ወለልና ግድግዳ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ግንቡ ቅዝቃዜውን ያዝላል፣ ቀን ቀን ደግሞ ለሰዎቹ ይሰጣል። ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ አስቂኝ ነገር አለ። በኋላ የተደረጉ ምርምሮች ኩይሳው ራሱ ያኔ እንደታሰበው በጭስ ማውጫ መልክ የሚቀዘቅዝ ሳይሆን ይበልጥ እንደ ሳንባ አየር የሚለዋወጥ መሆኑን አሳይተዋል። ሰውየው ምስጡን በከፊል አሳስቶ አነበበ፤ ሕንፃው ግን ይሠራል። ምክንያቱም የአየርን ጠባይ በትክክል አንብቧል።

ለትምህርት ቤት ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በቡርኪና ፋሶ፣ በተወለደባት በጋንዶ መንደር የሠራው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ2001 ተጠናቀቀ፤ በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ፤ ኬሬ ራሱም በ2022 የሥነ ሕንፃ ታላቅ ሽልማት የሆነውን የፕሪትዝከር ሽልማትን የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ከአካባቢው አፈር በትንሽ ሲሚንቶ የተጨመቀ ጡብ ነው። ብልሃቱ ያለው ከላይ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ኮርኒሱ ላይ አልተኛም፤ በቀጭን የብረት እግሮች ከፍ ብሎ ተንሳፍፏል። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው በመካከል ያለው አየር ይሞቅና ይሸሻል፤ ከክፍሉ የሚወጣው ሙቅ አየርም በኮርኒሱ ቀዳዳዎች በኩል ይከተለዋል። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ስለሚወጣ ዝናቡ የአፈሩን ጡብ አይነካውም። ቅጠልም አበባም የሚመስል ነገር የለበትም፤ የሚያደርገው ግን ዛፍ የሚያደርገውን ነው፤ ጥላ ይሰጣል፣ ከሥሩም ነፋስ ያሳልፋል።

ልጆችን ከአየርና ከዛፍ ጋር የማስተማሩ ሐሳብ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1904 በርሊን አጠገብ በሻርሎተንበርግ ለደካማ ልጆች በጥድ ደን ውስጥ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። ያን ጊዜ የሚፈራው የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ መድኃኒቱም አየርና ፀሐይ። በ1930 አርክቴክቱ ያን ዶይከር በአምስተርዳም የሠራው የአየር ላይ ትምህርት ቤት ዛሬም ቆሟል። የነቀርሳው እውነተኛ መድኃኒት ሲገኝ መስኮቶቹን ዘጋን።

ዛሬ ደግሞ በሌላ ምክንያት እየከፈትናቸው ነው። ዛፍ ማየት ለሰው ያደርግለታል ስንል ባዶ ስሜት አይደለም። ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ በ1984 ያሳተመው አጭር ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሕሙማንን ያነጻጸረ ነው። ግማሾቹ ከአልጋቸው ሆነው ዛፍ ያያሉ፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነበር። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 94 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መስኮት በሌለው፣ ሕንፃ በሚያይና ዛፍ በሚያይ ክፍል ከፋፍሎ ፈትኗል። ከአጭር እረፍት በኋላ ዛፍ የሚያዩት ትኩረታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ልዩነቱ የታየው በእረፍቱ ሰዓት ነው። ዛፉ አላስተማራቸውም፤ አሳረፋቸው እንጂ።

ለባለቤቶች ሁልጊዜ የምጠቅሰው ግን የጓንጁውን ነው። በዚያች የቻይና ከተማ 12 ትምህርት ቤቶች ተመርጠው፣ በግማሾቹ የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ከቤት ውጭ እንዲያሳልፉ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር በእነዚህኞቹ 30.4 በመቶ፣ በሌሎቹ 39.5 በመቶ ልጆች ላይ ታየ። ይህ ለአርክቴክት ምን ማለት ነው? መምህሩ «ውጡ» ሲል ልጆቹ በሁለት ደቂቃ ውጭ መገኘት አለባቸው ማለት ነው። ሦስት ፎቅ ወርደው፣ ረጅም ኮሪደር አልፈው፣ በአንድ ጠባብ በር ተሰልፈው የሚወጡ ከሆነ መምህሩ ሁለተኛ አይሞክረውም። ስለዚህ ለትንንሾቹ ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው በቀጥታ ወደ ውጭ የሚከፈት በር፣ ከበሩ በላይ ሰፊ የጣሪያ ክንፍ፣ ከክንፉ ሥር ጫማ የሚቀየርበት አግዳሚ መቀመጫ እሰጣለሁ። ከመቀመጫው ይልቅ ለእብነ በረድ መግቢያ ገንዘብ ማውጣት ለሚፈልጉ ባለቤቶች አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ወገን ልገሥጽ። እኛ አርክቴክቶች በኢንዶኔዥያ ባሊ ደሴት ያለውን ግሪን ስኩል ካየን ወዲህ ግድግዳ ጠላን። በ2008 የተከፈተው ይህ ትምህርት ቤት ከቀርከሃ የተሠራና አብዛኛው ክፍሉ ግድግዳ የሌለው ነው። እውነትም ያምራል። ቀርከሃ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ለግንባታ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከሥሩ እንደገና ይበቅላል። ነገር ግን በቦሮን ጨው ካልታከመ ነቀዝ ይበላዋል፤ እግሩ እርጥብ መሬት ከነካ ይበሰብሳል፤ ፀሐይና ዝናብ ከተፈራረቁበት ይሰነጠቃል። ሥዕሉን ኮርጆ ሕክምናውን የተወ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያገኘው ዱቄት ነው።

ከዚያም በላይ ድምፅ አለ። ባዶ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ከውጭና ከማሽን የሚገባው ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ የተናገሩት ቃልም ከ0.6 ሰከንድ በላይ እንዳያስተጋባ የሚመክር የታወቀ የአሜሪካ ደረጃ አለ። በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ይህ ቅንጦት አይደለም። ከልጆቹ ብዙዎቹ የሚማሩት በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚማር ልጅ የተዋጠች ቃል ቢያመልጠው ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታታል፤ ቋንቋውን ገና የሚማረው ግን ከቃሏ ጋር ሐሳቡንም ያጣል። ግድግዳ የሌለው ክፍል፣ አጠገቡ ሌላ ግድግዳ የሌለው ክፍል፣ በላያቸው ላይ ዝናብ የሚያንጎደጉድበት ቆርቆሮ፤ ይህ ለጎብኚ ገነት ነው፤ ከሌላ አገር ባለፈው ሳምንት ለመጣች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ጫጫታ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ የሚነበብበትና የሚደመጥበት ክፍል ግድግዳ፣ ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስና ሰፊ የሚከፈት መስኮት ይኖረዋል። ሥዕል፣ እንጨት ሥራ፣ ምሳና ጨዋታ ወደ ክፍቱ ዳስ ይወጣሉ።

ስለዚያች ልጅ ጥቂት ልቆይ። ከዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ሌላ ቦታ እንደ እርሷ ያለ ተማሪ በብዛት አታገኙም። የወላጆቿ ሥራ ያመጣታል፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላም ይወስዳታል። በዓመቱ አጋማሽ ትገባለች። ቋንቋ የላትም፣ ጓደኛ የላትም፣ የኳስ ሜዳው የጨዋታ ሕግ በሌሎች እጅ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ በእረፍት ሰዓት የምትሄድበትን ቦታ ለማየት አንድ ሙሉ ሳምንት በአንድ ግቢ ጥግ ተቀምጬ አውቃለሁ። ውድ ዋጋ ወደተከፈለበት መጫወቻ አልሄደችም። የሄደችው ከቧንቧ የሚንጠባጠብ ውሃ አፈሩን ወደሸረሸረበት ቦታ ነው። ጠጠር ደርድራ ግድብ ሠራች። በሁለተኛው ቀን አንድ ልጅ መጥቶ ምንም ሳይናገር ጭቃ አቀበላት። በአራተኛው ቀን አምስት ሆነው ነበር፤ ይጯጯሁ ነበር፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ ግን እነርሱም የሚያውቁ አልመሰለኝም። በሚቀጥለው ሳምንት የጥገና ክፍሉ ቧንቧውን ጠገነው። መቼም ሥራው ነው።

ከዚያ ወዲህ በምነድፈው ግቢ ሁሉ ሆን ብዬ የሚንጠባጠብ ቧንቧ አስቀምጣለሁ። ልጆች በእጅ የሚገፉት የውሃ መሳቢያ፣ ከሥሩ የድንጋይና የአሸዋ መውረጃ። የዝናብ ውሃውንም መሬት ውስጥ ከመቅበር በክፍት ቦይ ከጣሪያ እስከ ኩሬ አወርደዋለሁ፤ ልጆቹ ዝናቡ የት እንደሚሄድ እየተከተሉ ያዩታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውሃ እያሳሳቀ ነውና የሚወስደው፣ ትንንሾቹ በሚደርሱበት ቦታ ጥልቀት አይኖርም፤ ኩሬው በጠጠር ተሞልቶ ውሃው ከጠጠሩ በታች ይሆናል። የደኅንነት ሰዎች ደግሞ መደበቂያ አይወዱም፤ ልጆች ያለ መደበቂያ አይኖሩም። የማስታርቃቸው በከፍታ ነው። ቁጥቋጦው ከአንድ ሜትር አይበልጥ፣ የዛፉ ቅርንጫፍ ከሁለት ሜትር በታች አይውረድ። ልጅ ቁጢጥ ሲል ዓለም ትጠፋለታለች፤ የቆመ መምህር ግን ሁሉንም ያያል።

አደጋን ሙሉ በሙሉ ማጥፋትም አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ቶኪዮ አጠገብ በታቺካዋ ቴዙካ የተባሉት ባልና ሚስት አርክቴክቶች በ2007 የሠሩት የፉጂ መዋዕለ ሕፃናት ጣሪያው እንደ ቀለበት የዞረ መሮጫ ነው። ቦታው ላይ የነበሩት ሦስት ትልልቅ ዛፎች ጣሪያውን በስተው ወጥተዋል። በዛፉና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት መረብ ተዘርግቶበታል። የሌላ አገር የደኅንነት ሹም ቢሆን ሽቦ አጥር ያስገጥምበት ነበር፤ እዚያ ልጆቹ መረቡ ላይ ይዘላሉ።

የፀሐዩንና የነፋሱን ነገር ለአርክቴክቶቹ ብዙ አልናገርም፤ ታውቁታላችሁ። ለባለቤቶች ግን አንድ ልመና አለኝ፤ መሬቱን ከገዛችሁ በኋላ አንድ ዓመት ስጡን። ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘን ቆመን ውሃው በየት እንደሚያልፍ እንይ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትገባዋ ፀሐይ የትኛውን ግድግዳ እንደምትጠብስ እንይ፤ ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንድናዞር የምንወተውታችሁ ስለ እርሷ ነው። ወፎቹ የት እንደሚያርፉ እንይ። መስከረም ላይ ይከፈታል ተብሎ የታወጀ ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ጊዜ አይሰጥም፣ አውቃለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ተክሎቹን በተመለከተ፣ የቦታው አገር በቀል የሆነውን አስቀድሙ፤ መርዛማውን፣ እንደ ኦሊያንደር ያለውን፣ አበባው ቢያምርም ከልጆች ግቢ አርቁ፤ ሥሩ ውሃ የሚያሳድደውን ከፍሳሽ ቧንቧ አጠገብ አትትከሉ። መኪኖቹን ደግሞ በግቢው ጠርዝ አስቁሙ። ወላጅ ሁለት መቶ ሜትር ቢሄድ አይሞትም።

አሁን ወደ ገንዘብ። የአንድን ግቢ ዕጣ የሚወስነው ንድፉ አይደለም፤ በዓመታዊው በጀት ውስጥ ያለችው የአትክልተኛ ደመወዝ መስመር ናት። ሕንፃ የሚያምረው የተመረቀ ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ እያረጀ ይሄዳል። ግቢ ግን በምረቃው ዕለት አስቀያሚ ነው፤ ችግኙ ከድጋፍ እንጨቱ ያጥራል። ከአሥር ዓመት በኋላ ነው የሚያምረው፣ የሚንከባከበው ካለ። እንግዲህ አትክልተኛውን ግንባታው ሲያልቅ አትቅጠሩት። ንድፉ ሲጀመር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። አንድ ጊዜ እኔ ለሦስት ወር የለፋሁበትን የጣሪያ ላይ አትክልት አንድ አትክልተኛ ቱቦው በየት እንደሚወጣ በመጠየቅ ብቻ ከንድፉ አስወጥቶታል።

ሌላው የገንዘብ ጉዳይ መስፋፋት ነው። ትምህርት ቤቱ ሲሳካለት ተማሪ ይበዛል፤ ተማሪ ሲበዛ ክፍል ይፈለጋል፤ ክፍል ሲፈለግ ባዶ የሚመስለው መሬት ያ በማስታወቂያው ላይ የነበረው ዛፍ የሞላበት ጥግ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የነገዎቹን ሕንፃዎች ቦታ ንድፉ ላይ አስቀምጡ። እስከዚያው ሣር ይሁን፣ የአትክልት መደብ ይሁን፣ ግን ዛፍ አትትከሉበት። ዛፉን የማይሠራበት ቦታ ላይ ትከሉት፤ የማይሠራበት መሆኑንም በቦርዱ ቃለ ጉባኤ አጽፉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ወደዚያ የመጀመሪያው ግቢ ተመልሼ ነበር። ዛፉ እስከ ጉልበት ድረስ ተትቶ ተቆርጧል፤ ጉቶው ላይ ልጆች ተቀምጠው መክሰስ ይበላሉ። ከጉቶው ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ወፍ ዘራሽ ችግኝ በቅሏል፤ ከእርሳስ አይወፍርም። አትክልተኛው ማንም ሳያዝዛቸው ዙሪያውን እንጨት ተክለው ገመድ አዙረውበታል። በእኔ ስሌት ለዚህ ውፍረት አንድ ስንዝር እንኳ ባልተከበረ። በእርምጃ ለካሁት፤ ከችግኙ እስከ ገመዱ አሥር እርምጃ ነው። የኳስ ሜዳውን አንድ ጥግ ወስዷል።

«አባባ፣ ይህ ሁሉ ቦታ ለዚህች?» አልኳቸው።

«የለካሁት ስታድግ የሚበቃትን ነው» አሉኝ፤ ውሃ ማጠጫቸውንም አንስተው ሄዱ።